በእንግሊዝ የድሆች የሥራ ቤት የአረጋውያን ውሎና አዳር

ጠያቂዋ ያቀረቡት ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። በእንግሊዝ አገር በአንድ ሆስፒታል የአረጋውያን ክፍል በተንከባካቢነት ይሠራሉ። የሆስፒታሉ አሮጌ ሕንፃ በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ወርክሃውስ» የሚባል የድሆች የሥራ ቤት እንደነበረ ሰምተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ90 ያለፈ አንዲት ታካሚም ወደዚያኛው ሕንፃ እንዳያዛውሯቸው አጥብቀው ለምነዋቸዋል። ስለዚህ አረጋውያን በዚያ ቤት እንዴት ይውሉና ያድሩ እንደነበር፣ ባልና ሚስት ይለያዩ ነበር መባሉ እውነት መሆን አለመሆኑን፣ ቤቱም በእርግጥ እንደ እስር ቤት ይቆጠር እንደሆነ ይጠይቃሉ። በምላሼ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሣ። የሥራ ቤቱ በሕግ እስር ቤት አልነበረም። ማንም ተፈርዶበት አይገባም፤ የገባም ሰው የሦስት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ የቤቱን ልብስ አስረክቦና የራሱን ለብሶ መውጣት ይችል ነበር። ይሁን እንጂ ይህ መብት ጉልበት ላለው ጎልማሳ ሥራ ሲገኝ የሚሠራ መብት ነበር። ቤት ኪራይ መክፈል አቅቷቸው፣ አልጋና ድስታቸውን ሸጠው ጨርሰው የገቡ የ75 ዓመት አሮጊት በሩ ቢከፈትላቸው የሚሄዱበት የለም። የአረጋውያኑን ኑሮ ለመረዳት ዋናው ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ቤቱ የተሠራው ለእነርሱ አልነበረም፤ ደንቡም የወጣው ሌላ ሰው ለማስፈራራት ነበር።

በ1834 የወጣው የድሆች ሕግ ማሻሻያ ዋና ዓላማው ጤነኛና ጉልበት ያለው ሰው ከአጥቢያው ድጎማ እየተቀበለ ሥራ እንዳይፈታ ማድረግ ነበር። ስለዚህ በሥራ ቤቱ ያለው ኑሮ ከውጭው ዝቅተኛ ሠራተኛ ኑሮ ያነሰ እንዲሆን፣ ይህንንም ያየ ሰው ካልቸገረው በስተቀር ደጁን እንዳይረግጥ ተብሎ ታሰበ። ለሕጉ መነሻ የሆነውን ጥናት ያዘጋጁት ሰዎች አረጋውያንን ከዚህ ቅጣት መሰል አሠራር ለይተው፣ በተለየ ሕንፃ ደኅና ኑሮ እንዲኖሩ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ነገር ግን አጥቢያዎች በኅብረት እየተደራጁ ሕንፃ ማሠራት ሲጀምሩ ለእያንዳንዱ ወገን የተለየ ቤት ማቆም ውድ ሆኖ ተገኘ፤ በአንድ ጣራ ሥር ሁሉንም ሰብስቦ በግንብና በግቢ መከፋፈል ረከሰ። አረጋዊው፣ ወላጅ አልባው ሕፃን፣ ሕመምተኛውና ሥራ ያጣው ጎልማሳ በአንድ ኃላፊ፣ በአንድ ደወልና በአንድ ወጥ ቤት የሚተዳደሩ ሆኑ።

ይህን አከፋፈል ዛሬም በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው በኖቲንግሃምሻየር የሚገኘውን የሳውዝዌል ሥራ ቤት መጎብኘት ይችላል። በ1824 የተሠራው ይህ ቤት ከአዲሱ ሕግ አስቀድሞ ቆሞ አርአያ ከሆኑት አንዱ ሲሆን፣ ዛሬ በአገሪቱ የቅርስ ጥበቃ ማኅበር እጅ ይገኛል። ወንዶችና ሴቶች፣ ጤነኞችና አቅመ ደካሞች የየራሳቸው ደረጃ፣ የየራሳቸው የመኝታ አዳራሽና የየራሳቸው ግቢ ነበራቸው። ደረጃዎቹ የተሠሩት አንዱ ወገን ሲወጣ ሌላው ሲወርድ እንዳይተያይ ተደርጎ ነው። አረጋውያኑ በዚያ ቤት ጥፋት የሌለባቸው ድሆች ተብለው ከከባድ ሥራ ነፃ ነበሩ፤ በግንቡ መሐል መኖራቸው ግን አልቀረም።

አንድ አረጋዊ ሲገቡ አስቀድመው በመቀበያው ክፍል ይቆያሉ። ይታጠባሉ፣ ሐኪም ያያቸዋል፣ የራሳቸው ልብስ ታጥኖ ስማቸው ተጽፎበት በመጋዘን ይቀመጣል፤ በምትኩ የቤቱ ልብስ ይሰጣቸዋል። ለወንዶቹ ሸካራ ኮትና ሱሪ ከባለ መስመር ሸሚዝና ከቆብ ጋር፣ ለሴቶቹ በብዙ ቤቶች ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው የጥጥ ቀሚስ፣ የትከሻ ሻልና ነጭ የራስ መሸፈኛ ነበር። ያንን ልብስ ለብሶ ያለ ፈቃድ መውጣት የቤቱን ንብረት እንደ መስረቅ ይቆጠር ስለነበረ፣ አንድ ሽማግሌ ተናደው ከግቢ ቢወጡ ዳኛ ፊት ሊቀርቡ ይችሉ ነበር። የራስን ልብስ ማጣት በአረጋውያኑ ዘንድ ከምግቡም በላይ የሚያሳዝን ነገር እንደነበረ የዘመኑ ታዛቢዎች ደጋግመው ጽፈዋል፤ እኔም አምናቸዋለሁ፤ በመንደር መንገድ ላይ ቢታዩ ከሩቅ የሚለዩት በዚያ ልብስ ነበርና።

ቀኑ በደወል ይጀመራል። በመጀመሪያዎቹ ደንቦች መሠረት በበጋ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ በክረምት ከጠዋቱ 1 ሰዓት መነሻ ነው፤ ምሳ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ እራት ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ መኝታ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። ደንቡ ለአረጋውያንና ለደካሞች የመነሻና የመኝታ ሰዓቱን ኃላፊው እንዲያሻሽል ይፈቅድ ነበር፤ ሆኖም የመኝታ አዳራሹ በአብዛኛው ቀን ቀን ይዘጋ ስለነበረ፣ ዘግይተው የሚነሡትም ቢሆኑ ከተነሡ በኋላ ጎናቸውን የሚያሳርፉበት የለም። ከቁርስ በኋላ አረጋውያኑ ወደ መዋያ ክፍላቸው ይሄዳሉ። በምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ቤቶቹን የጎበኙ ሰዎች የሚገልጹት ክፍል ተመሳሳይ ነው፦ በኖራ የተቀባ ባዶ ግድግዳ፣ በግድግዳው ዙሪያ መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚ ወንበሮች፣ በአንደኛው ጫፍ እሳት፣ እሳቱን ከበው ዝም ብለው የተቀመጡ ሰዎች። መጽሐፍ ቅዱስ ካልሆነ በስተቀር የሚነበብ ነገር አይገኝም፤ ካርታ መጫወት ክልክል ነው፤ ጠያቂ የሚገባው በኃላፊው ፈቃድ ብቻ ነው።

ሥራን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያስበው ድንጋይ ፈለጣን ነው፤ እርሱ ግን የጎልማሶች ሥራ ነበር። ከአረጋውያን ወንዶች መካከል አቅም ያላቸው ግቢ ይጠርጋሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፣ አትክልት ይኮተኩታሉ። ሴቶቹ ይሰፋሉ፣ ካልሲ ይሠራሉ፣ ልብስ ይጠግናሉ፣ ሕፃናት ይይዛሉ። በአንዳንድ ቤቶች አረጋውያንም ጭምር ያረጀና ቅጥራን የጠጣ የመርከብ ገመድ በጣታቸው እየፈቱ ቃጫውን እንዲለዩ ይደረግ ነበር፤ ቃጫው የመርከብ ሳንቃ ክፍተት መድፈኛ ሆኖ ይሸጣል። የጣት መገጣጠሚያ በሪህ ለተያዘ ሰው ይህ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ በየቀኑ የታካሚ እጅ የሚይዙ በመሆንዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ሁበርት ፎን ሄርኮመር የተባለው ሠዓሊ በ1878 የዌስትሚንስተርን ሥራ ቤት አሮጊቶች የሚያሳይ ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ሠርቷል፤ ሥዕሉ በሊቨርፑል ዎከር የሥዕል ቤተ መዘክር ይገኛል። ነጭ የራስ መሸፈኛ ያደረጉ ሴቶች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ወደ ሥራቸው አቀርቅረው ሲሰፉ ይታያል፤ ከበስተኋላቸው ረጅምና ባዶ አዳራሽ አለ። ሠዓሊው ከአንድ ዓመት በፊት ለመጽሔት ያዘጋጀው የዚሁ ትዕይንት ምስል ከዘይት ቀለሙ ይልቅ የከበደ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል፤ የዘመኑ ተመልካች አረጋውያኑን በርኅራኄ ማየት ቢፈልግም ጨለማውን ሙሉ በሙሉ በግድግዳው ላይ መስቀል እንዳልፈለገ ያሳያልና።

ስለ ምግቡ ትንሽ ልቆይ፤ የአረጋውያኑን ኑሮ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው እርሱ ነውና። በ1836 የሕጉን አፈጻጸም የሚቆጣጠረው ማዕከላዊ ኮሚሽን ስድስት የናሙና የምግብ ዝርዝሮች አወጣ። ከእነዚህ በአንደኛው መሠረት የወንድ ቁርስ 6 ወቄት ዳቦና ቀጭን የአጃ አጥሚት ነው፤ በሳምንት 3 ቀን ምሳ ላይ 5 ወቄት ሥጋ ከድንች ጋር፣ ሌላ 3 ቀን ሾርባ፣ አንድ ቀን ደግሞ በሞራ የተሠራ ወይም የሩዝ ፑዲንግ ይሰጣል፤ እራት ዳቦ ከጥቂት አይብ ወይም ከቀጭን ሾርባ ጋር ነው። በመጠን ሲታይ ይህ ከብዙ የገጠር ሠራተኞች ማዕድ የከፋ አልነበረም። ችግሩ ጥርስ ለሌለው ሰው ደረቅ ዳቦና ጠንካራ ሥጋ መሆኑ፣ ከዓመት እስከ ዓመትም አለመለወጡ ነበር። ከዝርዝሩ ግርጌ ግን አንዲት ማስታወሻ አለች፦ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ተገቢ መስሎ ከታየ፣ በጠዋቱ አጥሚት ምትክ በሳምንት 1 ወቄት ሻይ፣ 5 ወቄት ቅቤና 7 ወቄት ስኳር ሊሰጣቸው ይችላል። አንድ ወቄት ሻይ 28 ግራም ገደማ ነው። ይህች ጥቂት ቅጠል በአረጋውያኑ ዘንድ የነበራት ክብር ከፍተኛ ነበር፤ የየኅብረቱን ሥራ ቤት የሚያስተዳድረው ቦርድ አባላትም ይህን ስለሚያውቁ መስጠትና መንፈግ የሚፈልጉትን ሰው የሚለዩባት መሣሪያ ሆነች።

ሻዩ ሲሰጥም በአብዛኛው በትልቅ ጋን ተፈልቶ፣ ወተትና ስኳሩ አንድ ላይ ተደባልቆ የሚቀዳ ነበር። አረጋውያን ሴቶች ደረቁን ቅጠል ከስኳርና ከወተት ጋር ተቀብለው በራሳቸው ጀበና፣ በፈለጉት ሰዓት እንዲያፈሉ የተፈቀደላቸው በ1894 ነው፤ ሕጉ ከወጣ ከ60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የወንዶቹ ትምባሆና የሴቶቹ ሱረትም ቢሆን በመላ አገሪቱ የተፈቀደው በ1892 ነበር። ከዚያ በፊት ዕድሜ ልካቸውን ፒፓ ሲያጨሱ የኖሩ ሽማግሌ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ይከለከላሉ፤ ዘመድ ጥቂት ትምባሆ ደብቆ ካላቀበላቸው በስተቀር። እነዚህን ፈቃዶች ጥቃቅን ነገር አድርገው የሚያልፏቸው ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሌላ የሚወስኑት ነገር ለሌላቸው ሰዎች ሻይ መቼ እንደሚፈላ መወሰን ትልቅ ነገር ነበር።

የባልና ሚስቱ ጉዳይ እውነት ነው። ደንቡ የቤቱን ሰዎች በሰባት ክፍል ይመድባል፤ አረጋውያን ወንዶች አንድ ክፍል፣ አረጋውያን ሴቶች ሌላ ክፍል ናቸው። ለመለያየቱ ከተሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው በድጎማ የሚኖሩ ሰዎች ልጅ እንዳይወልዱ መከልከል ሲሆን፣ ይህ ለ70 ዓመት ጥንዶች ትርጉም እንደሌለው ለሁሉም ግልጽ ነበር። ስለዚህ በሕዝብ ቁጣ ምክንያት በ1847 ሁለቱም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ባልና ሚስት ተለያይተው እንዲኖሩ ሊገደዱ እንደማይችሉ በሕግ ተደነገገ፤ በ1876 ደግሞ አንደኛቸው ብቻ 60 ቢያልፉ ወይም ታማሚ ቢሆኑ ቦርዱ አብረው እንዲኖሩ ሊፈቅድ እንደሚችል ተጨመረ። በወረቀት የተሰጠው መብት ግን በሥራ ላይ የዋለው በጣም በጥቂቱ ነው። ብዙ ኅብረቶች ለጥንዶች የሚሆን ክፍል ጨርሶ አላዘጋጁም፤ ያዘጋጁትም ሁለት ሦስት ክፍል ብቻ ነበራቸው። ኃላፊዎቹ «ጥንዶቹ ራሳቸው አይጠይቁም» ብለው ሪፖርት ያደርጉ ነበር፤ አንዳንዶቹ በእርግጥ ከእኩዮቻቸው ጋር መሆንን መርጠው ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም መብት እንዳለው ያልተነገረው ሰው አለመጠየቁ ፈቃዱን አያሳይም። ከዚህም ጋር አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ አብዛኞቹ አረጋውያን ወደ ሥራ ቤቱ የሚገቡት የትዳር ጓደኛቸው ከሞተ በኋላ ወይም ጨርሶ ሳያገቡ ነበር። ወንዶቹም ከሴቶቹ ይበዙ ነበር፤ አሮጊት እናት በልጅ ቤት ሕፃን በመያዝና ምግብ በማብሰል ስለሚጠቅሙ ይቀመጣሉ፣ ቦርዱም ለመበለት በቤቷ ሳለች ድጎማ ለመስጠት ይቀለው ነበር።

ስለ ሕመምተኞቹ ክፍል የሚነገረው ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። የሥራ ቤቱ ሕመምተኞች፣ ብዙዎቹም ከአልጋ የማይነሡ አረጋውያን፣ የሚረዱት በሌሎች ድሆች እጅ ነበር፤ አስታማሚ የሚባሉት ራሳቸው የቤቱ ነዋሪ የሆኑ፣ ማንበብ የማይችሉ፣ ለአገልግሎታቸው ተጨማሪ ምግብ ወይም ቢራ የሚሰጣቸው አሮጊቶች ነበሩ። ሉዊዛ ትዋይኒንግ የተባለችው፣ ከታዋቂው የሻይ ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደች ሴት፣ በ1853 በለንደን ስትራንድ ሥራ ቤት የገቡ አንዲት የምታውቃቸውን አሮጊት ልትጠይቅ ሄዳ ያየችው ነገር የዕድሜ ልክ ሥራዋ ሆነ። ሴቶች በጎ ፈቃደኞች እየተመላለሱ አረጋውያኑን እንዲጎበኙ ብትጠይቅ መጀመሪያ ፈቃድ ተነፈጋት፤ ከጥቂት ዓመታት ትግል በኋላ በ1858 የሥራ ቤት ጎብኚዎች ማኅበር ተቋቋመ። በ1865 ታዋቂው የሕክምና መጽሔት ላንሴት የለንደንን ሥራ ቤቶች የሕሙማን ክፍሎች አስመርምሮ አጋለጠ፤ በዚያው ዓመት አግነስ ጆንስ በሊቨርፑል ሥራ ቤት የሠለጠኑ ነርሶችን ይዛ ገባች፤ ሦስት ዓመት ሠርታም በታይፈስ ሞተች። ድሆችን በነርስነት ማሠራት በትእዛዝ የተከለከለው ግን በ1897 ነው።

የሞት ነገር ሳይነሣ ፍርሃቱን ማስረዳት አይቻልም። በ1832 የወጣው የአናቶሚ ሕግ ወዳጅ ዘመድ ያልጠየቀውን የሥራ ቤት አስከሬን ለሕክምና ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ፈቀደ። የተቀበሩትም በአጥቢያው ወጪ፣ በርካሽ ሣጥን፣ በብዙ ቦታ ምልክት በሌለው የጋራ መቃብር ነበር። ለዚህ ነው የእንግሊዝ ድሆች ከዳቧቸው ቀንሰው በየሳምንቱ ሳንቲም ለቀብር ማኅበር ይከፍሉ የነበሩት፤ እድርን ለሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

በአሐዝ ሲታይ ግን በሥራ ቤት የኖሩት ከአረጋውያን ድሆች ጥቂቶቹ ነበሩ። የሚበዙት በቤታቸው ሆነው በሳምንት ጥቂት ሽልንግ፣ አንዳንዴም ዳቦ፣ ይቀበሉ ነበር። ከ1870 ወዲህ መንግሥት ይህን የቤት ድጎማ እንዲቀንሱ ኅብረቶቹን መጫን ሲጀምር፣ ብዙ አረጋውያን «ወይ ግቡ፣ ወይ ምንም የለም» ተባሉ። ፍርሃቱ ከነዋሪዎቹ ቁጥር ብዙ እጥፍ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያልገባው ሰው ሁሉ ሊገባ እንደሚችል ያውቅ ነበር። በ1890ዎቹ ደንቡ ላላ፤ መልካም ጠባይ ያላቸው አረጋውያን ወጥተው ዘመድ እንዲጠይቁ ተፈቀደ፤ በ1900 የወጣው መመሪያም ለእነርሱ የተከለለ መኝታና ቁልፍ ያለው የግል ሣጥን እንዲዘጋጅ አሳሰበ። ቀደም ብሎ በ1882 ሌዲ ብራባዞን የተባለች የመኳንንት ወገን ሴት የጀመረችው ዘዴ ሥራ መሥራት የማይችሉ ደካሞችን ጥልፍና ሹራብ እያስተማረ፣ ምርቱን እየሸጠ፣ ባዶውን ቀን የሚሞላ ነገር ሰጥቷቸው ነበር።

ትልቁ ለውጥ ከውጭ መጣ። ከጥር 1 ቀን 1909 ጀምሮ 70 ዓመት የሞላቸውና ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ ጡረታ በፖስታ ቤት መቀበል ጀመሩ። የድሆች ድጎማ የሚቀበሉት እስከ 1910 መጨረሻ ተከልክለው ነበር፤ ከ1911 ወዲህ ግን በቤታቸው ይደጎሙ የነበሩት አረጋውያን ከሞላ ጎደል ወደ ጡረታው ተዛወሩ። በሥራ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ቁጥር የቀነሰው በጥቂቱ ነው፤ እዚያ የቀሩት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሚያስታምም ሰው ያጡ ነበሩና። በ1930 ቦርዶቹ ተሽረው ቤቶቹ ለአካባቢ ምክር ቤቶች ተላለፉ፤ ስማቸውም ተለወጠ፤ ግድግዳውና አልጋው ግን በቦታው ነበር።

እርስዎ በሚሠሩበት ሙያ መታወስ ያለባቸውን አንዲት ሐኪም እዚህ ላይ ልጥቀስ። በ1935 ዶክተር ማርጆሪ ዋረን የዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል በጎረቤቱ ያለውን የቀድሞ ሥራ ቤት የሕሙማን ክፍል ሲረከብ ከ700 በላይ ታካሚዎች ተረከቡ። ብዙዎቹ ለዓመታት ከአልጋ ሳይነሡ፣ ሕመማቸው ምን እንደሆነ ሳይመረመር የተኙ አረጋውያን ነበሩ። ዶክተሯ እያንዳንዱን መረመሩ፣ በሕመማቸው ዓይነት ለዩ፣ ክፍሎቹን ብሩህ ቀለም አስቀቡ፣ ታካሚዎቹን አስነሥተው እንዲራመዱ አደረጉ፤ ከእነርሱም ብዙዎች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የአረጋውያን ሕክምና በብሪታንያ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው ከዚህ ሥራ ነው። ይህንን ሳነብ ዘወትር የሚያሳዝነኝ መራመድ ይችሉ የነበሩ ሰዎች ማንም ስላልጠየቃቸው ብቻ ተኝተው መክረማቸው ነው።

በሐምሌ 5 ቀን 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲጀመር ከእነዚህ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ሆስፒታል፣ ሌሎቹ የአረጋውያን መኖሪያ ሆኑ። ታካሚዎ በዚያ ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ «እዚያ እንዳትጥሉኝ» እያሉ ሲማጸኑ የሰሟቸው አያቶች ያቺን የአጥሚትና የጋራ መቃብር ዘመን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ስለዚህ ፍርሃታቸውን እንደ መርሳት ሕመም ምልክት አይቁጠሩት። ማዛወሩ የማይቀር ከሆነ የራሳቸውን ልብስ እንደሚለብሱ፣ ቤተሰብ መቼ እንደሚጠይቃቸው፣ ሻያቸውን እንዴት እንደሚወዱት አስቀድሞ ጠይቆ መንገር ከረጅም ማረጋገጫ ይልቅ ይጠቅማል።

የሕንፃውን ታሪክ ራስዎ መከታተል ከፈለጉ፣ የቦርዱ ቃለ ጉባኤና የሚገቡና የሚወጡ ሰዎች መዝገብ በአብዛኛው በየአውራጃው ቤተ መዛግብት ይገኛል፤ ለለንደን እስከ 2024 የለንደን ሜትሮፖሊታን ቤተ መዛግብት ይባል የነበረውን የለንደን ቤተ መዛግብት ይጠይቁ። የየዐሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራም የየቤቱን ነዋሪዎች ከዕድሜያቸውና ከቀድሞ ሥራቸው ጋር ይዘረዝራል፤ የልብስ አጣቢዋን፣ የእርሻ ሠራተኛውን፣ የጫማ ሰፊውን ስም በተርታ ያገኙታል።